ለአምፖልና ለስልክ ብቻ

ኅዳር 11

ጋዙ ዛሬም አለቀ። ሲሊንደሩን ብነቀንቀውም ባልነቀንቀውም ያው ባዶ ነው። አዳማ ወርጄ ማስቀየር ሊኖርብኝ ነው፤ አዳማም ሰሞኑን የለም እየተባለ ነው። እዚህ ኢተያማ የሚያነሳውም የለም።

ባለቤቴ በላይነሽ አዳማ ሳለን ሙቀቱና አቧራው ደረቷን እየዘጋባት ሐኪሙ "ደጋ ብትሞክሩ" ሲለን፣ ከአባቷ የወረሰችው ቦታ አለ ብለን ጡረታ በወጣሁ በወሩ ዕቃችንን ጭነን መጣን። የምንሠራው ቤት መሠረቱ ወጥቶ ቆሟል። እስኪያልቅ ድረስ የምንኖረው አንድ የመንገድ ተቋራጭ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ በሐራጅ በሸጠው፣ ካራቫን በሚሉት ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። ጎማ አለው፤ የሚጎትተው የለም። የድሮ ባልደረባዬ ኪዳነወልድ ሲደውል "ቱሪስት ሆንክ አሉ" ይለኛል። እስቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ኤሌክትሪክ ያስተማርኩ ሰው ዛሬ የራሴ ቆጣሪ የለኝም። አመልክቻለሁ፤ ተራ ጠብቅ ተብያለሁ።

ካራቫኑ ቀን ይጠብሰናል፣ ማታ ያንዘፈዝፈናል። ብርዱ ገና መጀመሩ ነው ይሉናል ሰፈርተኞቹ፣ ደስ የሚል ዜና ይመስል።

ኅዳር 14

ኪዳነወልድ ሲሊንደር አገኘልኝ። ማታ የጋዝ ማሞቂያውን ለኮስነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሰው ኖርን። ከዚያ ግድግዳው አላበው። መስኮቱ ላይ ውኃ ይወርዳል፣ ብርድ ልብሱ ረጠበ። ጋዝ ሲነድ እርጥበት ይፈጥራል፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ አየሩን ይጨርሳል። ይህን ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ስዬ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። መስኮት ከከፈትን ብርዱ ይገባል፣ ከዘጋን ራስ ምታቱ።

በላይነሽ ተነስታ ተቀምጣ ስትስል አደረች። "ይሄ ነገር አየሬን ይሻማኛል" አለችኝ። አጠፋሁት። ካጠፋሁት በኋላ ደግሞ ከብርዱ ሳለች።

ኅዳር 19

አዳማ ደርሼ መጣሁ። ሂተር ገዛሁ፣ የኤሌክትሪክ። ሁለት ዘንግ አለው፤ አንዱን ብቻም ማብራት ይቻላል። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ እርጥበት የለው።

አንድ ነገር ግን አለ። መብራታችን የሚመጣው ከጎረቤታችን ከወይዘሮ አማረች ቆጣሪ ነው። መስከረም ላይ መስመር ሲሰጡን "ለአምፖልና ለስልክ ብቻ ነው መምህር። ጫጩት ላስገባ ነው። ጫጩት ያለ መብራት አንድ ሌሊት አያድርም" ብለውኛል። እኔም "ለአምፖልና ለስልክ ብቻ" ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሽቦውን የዘረጋሁት ራሴ ነኝ። በረንዳቸው ላይ ያለው፣ ጭነት ሲበዛበት ወድቆ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር ምን ያህል እንደሚችልም አውቃለሁ። አንዱ ዘንግ ብቻ ከሆነ ምንም አይለውም።

የመብራቱን ድርሻ ወር በመጣ ቁጥር ከፍ አድርጌ እሰጣቸዋለሁ። ስለዚህ ስርቆት አይደለም።

ኅዳር 20

በላይነሽ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። ከስንት ጊዜ በኋላ። ጠዋት ፊቷ ሌላ ነው።

"ለወይዘሮ አማረች ነገርካቸው?"

"እነግራቸዋለሁ።"

ኅዳር 24

ጫጩቶቹ መጡ። ሌንሳ፣ የወይዘሮ አማረች ልጅ፣ ኑና እዩልኝ ብላ ጠራችን። ጓዳውን በካርቶን ከባ፣ ሰጋቱራ አንጥፋ፣ ከላይ ትልልቅ አምፖሎች አንጠልጥላለች። ቢጫ በቢጫ ሆኗል። አጠገባቸው ፍራሽ ዘርግታ ልትተኛ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ቀርቶ ዓመቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ዛሬ ቀና ብላ አየኋት። እናቷ ግን እዚያው እኛ ፊት "ይሄ ካልሆነላት ባቱ አጎቷ ጋ ሄዳ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፤ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም" አሉ። ሌንሳ ያልሰማች መሰለች።

"ቲቸር፣ መብራት ቢሄድስ?" አለችኝ።

ከሰልና ማንደጃ ከአጠገቧ እንዳይለይ፣ ጫጩት ሲበርደው ተደራርቦ እንደሚታፈን፣ ብዙ ተናገርኩ። የክፍል ድምፄ መጣልኝ። ወይዘሮ አማረች ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ያኔ ልነግራቸው እችል ነበር። ደስታቸውን ማደፍረስ መስሎ ታየኝ።

ኅዳር 29

ሌንሳ በሶ ይዛልን መጣች። በሩን ሳታንኳኳ ከፈተችው። ብርድ ልብሱን ሂተሩ ላይ ጣልኩት፤ ቶሎ ባላነሳው ኖሮ ተቃጥለን ነበር።

"ቤታችሁ እንዴት ይሞቃል" አለች።

"ጋዝ ነው" አልኩ።

ሲሊንደሩ ባዶውን ደጅ ተጋድሟል። እሷ የገባችው በዚያው በኩል ነው። በላይነሽ በሶውን ተቀብላ ግድግዳውን ስታይ ቆየች።

ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት

ውርጭ ነው የወረደው። ማታ በላይነሽ ደረቷ ሲያፏጭ ሁለተኛውን ዘንግ አበራሁት። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር ሐሳቤ። እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ጨለማ ነው።

"መብራት ሄደ" አልኩ።

"የመስጊዱ በርቷል" አለች በላይነሽ በመስኮቱ እያየች። "የቶይባ ሱቅም በርቷል።"

"ጄኔሬተር ይሆናል።"

የጄኔሬተር ድምፅ የለም። ውጪ ጸጥ ያለ ነው።

ብሬከሩ ያለው እነሱ በረንዳ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሰው ግቢ አይገባም፣ ውሻም አላቸው። ሌንሳ ከጫጩቶቹ ጋር ናት፣ ነቅታ ከሰል ታቀጣጥላለች አልኩ። ምክሬን ሰምታለች። ሁለተኛውን ዘንግ አጠፋሁት፣ ሂተሩን ነቀልኩት፣ ተመልሼ ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል መብራቱ መጣ።

አሁን ከግቢያቸው የወይዘሮ አማረች ድምፅ ይሰማኛል። ሄጄ ማየት አለብኝ።

ታኅሣሥ 3፣ ማታ

ጫጩቶቹ ከግማሽ በላይ ሞተዋል። ጥግ ላይ ተከምረው። ከታች ያሉት ታፍነው፣ ከላይ ያሉት በብርድ። ሌንሳ በፕላስቲክ ሳፋ እያወጣች ስትደፋ ደረስኩ። ስትሠራ አታለቅስም ነበር።

"ተኝተሽ ነው" ይሏታል እናቷ። "አምፖሉን አጥፍተሽ ተኝተሽ ነው።"

"መብራት ሄዶ ነበር።"

"ይኸው በርቷል። መቼ ሄደ?"

"ሄዶ ነበር እማዬ።"

ቶይባ ከሱቋ መጥታ ቆማ ነበር። "የኔ ፍሪጅ ሌሊቱን ሲሠራ ነው ያደረው" አለች። ክፋት የለባትም፤ የምታውቀውን ተናገረች። ሌንሳ እሷንም እናቷንም አላየችም። ሳፋውን አስቀመጠች።

ያኔ ወይዘሮ አማረች ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ የእርስዎና የእኛ መስመር አንድ ነው። እርስዎ ጋ ጠፍቶ ነበር?"

ጠፍቶ ነበር ብል ከመንደሩ የእኛ ቆጣሪ ብቻ ለምን ጠፋ ይባላል። ብሬከሩ እንደወደቀ ይገባቸዋል። ምን ጣለው ይባላል። አልጠፋም ብል ደግሞ በልጅቷ ላይ በሐሰት መመስከር ነው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ራሴን ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈጣን ሆኜ አላየሁትም።

"ተኝቼ ነበር" አልኩ። "አላየሁም።"

ሌንሳ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳፋውን አንስታ ሄደች።

አልዋሸሁም፤ መጀመሪያ ተኝቼ ነበር። እንዲህ ብዬ ስጽፈው እንኳ እጄ ያፍራል።

ታኅሣሥ 6

ሂተሩን ካርቶኑ ውስጥ መልሼ አልጋ ሥር ከተትኩት። ሦስት ብርድ ልብስ ደራርበናል። በላይነሽ አታናግረኝም፤ ማለቴ ታናግረኛለች፣ ጨው አቀብለኝ ትላለች።

ታኅሣሥ 8

በላይነሽ ሌሊት ታፈነች። ከንፈሯ ጠቆረ። የሚነፋውን መድኃኒት ሁለቴ ሰጠኋት። ሂተሩን አወጣሁ፣ አንዱን ዘንግ አበራሁ። ሌላ ምን ላድርግ። ማንም ባል እንደኔ ያደርጋል።

ሲቀልላት እንዲህ አልኳት። "አየሽ፣ ለዚህ ነው።"

"እኔን ምክንያት አታድርገኝ" አለች። ድምፅዋ ገና ተቆራርጦ ነበር። "እኔ ሙቀት አልኩህ እንጂ ውሸት አላልኩህም። ሂድና ንገራቸው።"

"መስመሩን ቢቆርጡብንስ?"

"ይቁረጡት።"

"አንቺስ?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እግሯ ቢችልላት ኖሮ እሷ ራሷ ሄዳ ትነግራቸው እንደነበር ነገረችኝ።

ታኅሣሥ 10

ልነግራቸው ሄድኩ። በራቸው ላይ ስደርስ ከውስጥ ወይዘሮ አማረች ሌንሳን "ፈተናውንም ተኝተሽ ነው የወደቅሽው" ሲሉ ሰማሁ። አንኳኳሁ። ወይዘሮ አማረች ከፈቱ፣ "አካም ቡልተን፣ መምህር፣ ይግቡ" አሉኝ፣ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ብለው፣ ፊታቸውን ፈታ አድርገው። ለእኔ ሲሉ ነው የፈቱት።

መዶሻ እንዲያውሱኝ ጠየቅሁ። መዶሻ አለኝ። ሁለት አለኝ።

ታኅሣሥ 13

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ከትናንት ወዲያ ወይዘሮ አማረች ወደ ካራቫኑ መጡ። ሂተሩ ጠፍቶ ነበር፤ ቀን ስለነበር። በላይነሽ ጸሐይ ላይ ናት። ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና "መምህር፣ ስለ ጫጩቱ አይደለም" አሉ። "ጫጩት ይሞታል፣ ሌላ ይመጣል። የሚያቃጥለኝ መዋሸቷ ነው። ተኛሁ ብትለኝ ምን አደርጋት ነበር? አባቷ ሞቶ ለብቻዬ ነው ያሳደግኋት፣ ውሸት አላስተማርኳትም። እኔን አትሰማም። እርስዎ ስንቱን ልጅ ያስተካከሉ ሰው ነዎት። ይምከሩልኝ።"

እሺ አልኩ። እሺ ከማለቴ በፊት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሌላ ነገር ሊወጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። የወጣው እሺ ነው።

ሌንሳ መጣች። ደጃፉ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። እናቷ ራቅ ብለው የተረፉትን ጫጩቶች ይመግባሉ። እኔም መከርኳት። ሰው ይሳሳታል አልኳት። ጥፋትን ማመን ያስከብራል እንጂ አያዋርድም፤ አንዴ የዋሸ ሰው ሁለተኛውን እንዲዋሽ ይገደዳል አልኳት። ዝግ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እንዲሰማኝ እንደማደርገው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ድምፅ ነው፣ ያለ እኔም መሥራት ይችላል።

"እሺ ቲቸር" አለች።

አሁን ሳስበው ዓይኖቿ ለምን እንደዚያ ረግተው እንዳዩኝ ይገባኛል ለማለት እፈራለሁ።

በላይነሽ ሰምታ ኖሯል። እራት አልበላችም።

ታኅሣሥ 17

ውርጭ። አንድ ዘንግ። በላይነሽ ደህና ናት።

ሌንሳ ሐሙስ ወይም ዓርብ ባቱ ልትሄድ ነው። ቶይባ ሱቅ ውስጥ ሰማሁ። "ምስኪን፣ እናቷ ጨክናባታለች" አለች ቶይባ ለአንዲት ደንበኛ። "ግን ምን ታድርግ፣ ልጅ ዓይን እያየ ሲዋሽ።" ሻማ ልገዛ ነበር የሄድኩት። ሳልገዛ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 20፣ ጠዋት

ሻንጣዋን እኔ ተሸከምኩላት። ወይዘሮ አማረች በር ላይ ነው የተሰናበቷት፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው። "መምህር እስከ መኪናው ያድርሱልኝ" አሉኝ። ሁልጊዜ ለእኔ ነው የሚሰጡት፣ የከበደውን ሁሉ።

እዚህ ከሚቆመው ሚኒባስ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ገባች። ሻንጣውን ረዳቱ ጣራ ላይ ወረወረው። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብዬ መልካም መንገድ ልላት ስል ቀደመችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፣ አጠገቧ ያለችው ሴትዮ እንዳትሰማ።

"ቲቸር፣ ያን ሌሊት ስነቃ የወደቀውን ብሬከር ያነሳሁት እኔ ነኝ።"

የመስኮቱን ጠርዝ ያዝኩ።

"የመስመራችሁ ሽቦ ማታ ማታ ይሞቅ ነበር፣ በእጄ ነክቼው አውቄያለሁ፤ በሶ ይዤ የመጣሁ ቀንም ሂተሩን አይቼዋለሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷ ቃል ያፈረሰ ሰው አትወድም፤ ያን ቀን ትቆርጠው ነበር። እትዬ በላይነሽ ደግሞ ስትስል ሌሊት ሌሊት እስከ እኛ ጓዳ ይሰማል።" መኪናው ተነሳ። "ብርዱ እስኪያልፍ አንዱን ብቻ ያብሩት። ሁለቱን ሲያበሩት ነው የሚወድቀው።"

ሚኒባሱ ሄደ። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። አንድ ባጃጅ ጡሩንባ ነፍቶብኝ ነው የተንቀሳቀስኩት።

እንግዲህ ስመክራት ታውቅ ነበር። በሳፋው ሬሳ ስትደፋም፣ "ተኝቼ ነበር" ስልም። የኔን ሚስት እንዳይበርዳት ብላ ውሸታም ተባለች፣ ከቤቷ ወጣች፣ እኔ ደግሞ ውሸት ክፉ ነው ብዬ አስተማርኳት። ይህን ጽፌ እንደገና አነበብኩት። የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም የለም።

ታኅሣሥ 20፣ ከሰዓት

አሁን ከእነሱ ግቢ ተመለስኩ። ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ካራቫኑ ውስጥ ገብቼ ለበላይነሽ ሌንሳ ያለችኝን ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ጃኬቴን ከተሰቀለበት አውርዳ ሰጠችኝ።

ወይዘሮ አማረች በረንዳቸው ላይ ብሬከሩ ሥር ተቀምጠው ነበር፣ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። "ሄደች?" አሉኝ። ሄደች አልኩ። "አለቀሰች?" አላለቀሰችም አልኩ። ተቀመጥኩ። የመጣሁበትን ልጀምር ስል ስልኩ ጮኸ። ሌንሳ ናት፣ ከአዳማ መናኸሪያ። ወይዘሮ አማረች ጆሯቸው ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት።

"ሃርሜ፣ አዳማ ደርሻለሁ። የባቱ መኪና እየጠበቅሁ ነው" አለች እናቷን በኦሮምኛ ጠርታ። ከኋላዋ ረዳቶቹ "ባቱ! ሻሸመኔ!" ይላሉ።

"በልተሻል?" አሉ እናቷ። መልሷን ሳልጠብቅ ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ።

"ሌንሳ" አልኩ እኔ። ወይዘሮ አማረች ገርሟቸው ስልኩን ወደ እኔ አስጠጉት። "ቲቸር አብተው ነኝ። ያን ሌሊት መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክቼ ነበር። አንቺ አልዋሸሽም።"

መኪና ሲያልፍ ተሰማ።

"ቲቸር፣ እናቴ አጠገብዎ ናት?"

"አጠገቤ ናቸው።"

"ትሰማለች?"

"ይሰማሉ።"

"እንግዲያው ይድገሙት" አለች። "እኔን ሲመክሩኝ እንደነበረው፣ ዝግ ብለው።"

ዝግ ብዬ ለመናገር ሞከርኩ። ድምፄ ግን ዛሬ ያለ እኔ መሥራት እምቢ አለ። መሐል ላይ ተሰበረ፣ እንደገና ጀመርኩት። ማሞቂያውን፣ ሁለቱን ዘንግ፣ የመስጊዱን መብራት ያየሁትን፣ "ተኝቼ ነበር" ያልኩትን፣ ሁሉንም። ወይዘሮ አማረች ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አላነሱም። ስጨርስ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ።

ስልኩን ከፊቴ ወሰዱት። "ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ። ነዪ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ይህን ያህል ኦሮምኛ አውቃለሁ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አጠፉት፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ጀርባቸውን ሰጡኝ፣ ሌንሳ ምን ብላ እንደመለሰችም ሳልሰማ ወጣሁ።